ምክንያት የሌለበት ደብዳቤ

ከሚኒስትሮቹ ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ ተብሎ በሬዲዮ የተነገረ ሰሞን ደባርቅ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሦስተኛው ቀን ስለነበር እንባው ደርቆ ወሬው ደርቷል። ወንዶቹ ከድንኳኑ በአንድ ወገን ካርታ ይጫወታሉ፤ እኛ ሴቶቹ ከወዲህ ምስር እንለቅማለን። አንዱ ዜናውን አነሣ። ሌላው አገር የሚመራው በትምህርትና በችሎታ ነው እንጂ በቀሚስ አይደለም አለ። አንዱ ደግሞ ከእንግዲህ ሚስቱን ክብርት እንጂ አንቺ ብሎ እንደማይጠራት ተናገረና ሣቁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ነበር፤ በሥራ ዘመኔ የመሥሪያ ቤታችን የቅጥርና ዕድገት ኮሚቴ ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። እጁ ላይ ያለውን ካርታ እያየ፣

«ለአዲስ አበባ አዲስ ይሆናል እንጂ እኛ ወረዳማ ምራቂ ከተጀመረ ቆየ» አለ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየ።

የሚያውቁት ሣቁ። የማያውቁትም ሌላው ሲስቅ አይተው ሣቁ። ለቅሶ ቤት ነውና ምስሬን መልቀሜን ቀጠልኩ። ይህ ወረቀት ግን ለቅሶ ቤት አይደለም።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ዳባትም ደባርቅም ሠርቻለሁ፤ ጃናሞራም ከርሜአለሁ፤ ከሦስቱ በአንዱ የሆነ ነው፣ ይበቃል። የሰዎቹንም ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ ስማቸው በእኔ ብዕር እንዲቆይላቸው ስለማልፈልግ ነው። ስለ ባሌና ስለ ልጆቼም የምለው የለኝም። ይህ የሥራ ወሬ ነው።

ሥራዬ እርሻ ነው፤ የሰብል ባለሙያ ነበርኩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ወንድሞቼን እስከ ቅኔ ሲያደርሱ እኔን ዳዊት ከደገምሽ ለሴት ይበቃል ብለው አስቆሙኝ። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁትም ስለ ፈቀዱልኝ ሳይሆን ስለ ተዉኝ ነው። ግብርና ተምሬ ስመለስ ሴት ባለሙያ ማለት ምድጃና የጓሮ ጎመን የምታስተምር ማለት ነበር። እኔ የተማርኩት ገብስና ባቄላ ነው ብዬ እንቢ አልኩ። እንደዚያ ከሆነ ብለው ማንም የማይፈልገውን ቀበሌ ሰጡኝ።

በዚያ ቀበሌ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ስለ መስመር አዘራር ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ እስቲ እርፉን ጨብጪና አሳዪን አሉኝ። በአገራችን ሴት እርፍ አትጨብጥም። አፍራ ትሄዳለች ብለው ነው። ጨበጥኩ። ሁለት ፈር አወጣሁ፤ አንደኛው ሰካራም የሄደበት ይመስላል፣ ሁለተኛው ግን ቀና ያለ ነበር። በማግስቱ ሰውየው ቄስ ጠርተው ሞፈሩንም ቀንበሩንም በሬዎቹንም ጠበል አስረጩ። በሦስተኛው ዓመት ግን ዘር ሊዘሩ ሲሉ ሰው ይልኩብኝ ጀመር፤ «ያቺ ጠበል ያስረጨችን ትምጣ» እያሉ። በሥራ ዘመኔ ካገኘሁት የምስጋና ወረቀት ሁሉ ይህችን እመርጣለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ወደ ጊች ስወጣ በቅሎ ከተገኘ በበቅሎ፣ ካልተገኘ በእግሬ ነበር። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ አለቆቼ ተቀያየሩ፤ የእኔ ወንበር ግን ከፍም ዝቅም አላለም።

ኋላ ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ መጣና የሁላችንም ወንበር ተነቅሎ በውድድር እንደገና ይተከል ተባለ። የሰብል ልማት ሥራ ሂደት መሪነት ለውድድር ወጣ። የቀረብነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ከእኔ አምስት ዓመት ዘግይቶ የተቀጠረ አንድ ባልደረባዬ። ባልደረባዬ መጥፎ ሰው አልነበረም። ሥራውን ያውቃል፣ ገበሬ ይወደዋል። ችግሩ የኮሚቴው ጸሐፊ አበልጁ መሆኑ ነበር፤ የባልደረባዬን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ያን ጊዜ ይህን እንደ ችግር የቆጠረው ሰው አልነበረም። በእኛ አገር አበልጅ የሌለው ማን አለ?

ፈተናው ተፈተነ፣ የሥራ ልምዱ ተቆጠረ፣ ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ከስሜ ፊት ለፊት አንድ ድምር አለ፤ ከድምሩ ጎን በቅንፍ «የሴቶች ድጋፍ ሦስት ነጥብ ታክሎበት» ይላል። ከዚያ «አልፈዋል»። ከባልደረባዬ ስም ፊት ለፊት «ተጠባባቂ» ብቻ ነው የሚለው። ነጥብ የለውም።

ሰው መደመር ቢሰንፍ መቀነስ አይሰንፍም። ሰሌዳው ሥር የቆመው ሁሉ ከእኔ ድምር ሦስት እየቀነሰ፣ የባልደረባዬ ነጥብ ከዚያ በላይ እንደሆነ በአንድ ቃል ተስማማ። ያልተጻፈውን ቁጥር ሁሉም አወቀው። ባልደረባዬም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ሲያጽናኑት ፈገግ ይላል።

ስሙን ያወጣው የመጋዘን ሠራተኛው ነው። ለገበሬዎች ምርጥ ዘር ስናከፋፍል አንዲት ባልቴት የተሰፈረላቸውን ተቀብለው፣ እንደ ገበያ ልማድ ከረጢታቸውን እንደ ዘረጉ፣ ምራቂውስ የታለ አሉት። እሱም አንድ እፍኝ ዘግኖ ጨመረላቸውና ወደ እኔ እያየ፣

«እንኳን ለእርስዎ ለአለቃችንም ተመርቆላታል፣ እማማ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምራቂ ሆንኩ። ምራቂ ገባች፣ ምራቂ ስብሰባ ጠራች፣ ምራቂ ፈቃድ ከለከለች። ፊቴ ላይ እትዬ ይሉኛል፤ በሩን ስዘጋ ምራቂ ነኝ። ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ሻጭ በደግነት የሚጨምራት፣ ባትጨመርም ቁናውን የማታጎድለው እፍኝ ማለት ነው።

ጸሐፊውን ቢሮው ገብቼ የሁለታችንም ነጥብ ይለጠፍ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና፣

«ወንበሩን ይዘሻል፤ ነጥቡን ምን ታደርጊዋለሽ? ወጥ ልትሠሪበት ነው?» አለኝ።

ነጥቡ ከተለጠፈ ወሬው ይቆማል ብዬ ለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት፤ ዛሬ ስጽፈው ያንገበግበኛል። እሱ ግን የወደቀ ሰው ነጥብ አይለጠፍም፣ ነውር ነው፣ ሰውየው ቤተሰብ አለው አለ። እኔም ቤተሰብ እንዳለኝ አላስታወሰም። አንድ ወንድ በሴት ተበለጠ እንዳይባል የእሱን ነውር ሸፈኑለት፤ መሸፈኛ የሆነው ጨርቅ ግን ከእኔ ላይ የተገፈፈ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የሞኝ ሥራ ነው። ስሙን ለማጥፋት የሁለት ሰው ሥራ ሠራሁ። ፈቃድ አልወጣሁም፤ ታምሜ መስክ ወጣሁ። ያዩኝ ሰዎች ምን እንዳሉ ኋላ ሰማሁ። የተጨመረላትን ልታካክስ ነው አሉ። ባልሠራ ምራቂ ስለሆንኩ ነው፤ ብሠራ ምራቂነቴን ስለማውቅ ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ የምናገረው አለኝ። ካልተናገርኩት ጸሐፊው ይናገረዋል፤ እሱ ከሚለው እኔ ብለው ይሻላል።

በኮሚቴው ውስጥ ሴት መኖር አለባት ስለሚል መመሪያው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የኮሚቴ አባል አደረጉኝ። ያን ጊዜ የመዝገብ ቤት ኃላፊነት ለውድድር ወጣ። መዝገብ ቤቱን ብዙ ዓመት ያገለገለች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የጃናሞራ ልጅ ናት፣ ፋይል ሳትፈልግ የምታወጣ። ከሷ ጋር አንድ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰው ተወዳደረ። በፈተናው በአንድ ነጥብ በለጣት። መመሪያው ለሴት ሦስት ነጥብ ይጨመር ይላል፤ ከተጨመረ ታልፋለች። ወንዶቹ የእኔን አፍ ያያሉ። እኔ፣ ነጥቡ የሚጨመረው እኩል ሲመጡ ብቻ ነው አልኩ። መመሪያው እንደዚያ አይልም፤ እንደማይልም አውቅ ነበር። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና፣

«ሴቷ ራሷ ካለች እኛን ምን አገባን» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው።

ልጅቱ ወደቀች። ያለፈው ሰውዬ ዓመት ሳይሞላው ጎንደር ተዛወረና ቦታው ባዶ ሆነ፤ ሥራውን ያው እሷ ያለ ሹመት ሠራችው። ለራሴ የነገርኩት ለእሷው ብዬ እንዳደረግሁት ነው፤ እንደ እኔ ስም እንዳይወጣላት። ውሸቴን ነው። እኔ የቆሰልኩበትን በር ሌላዋ ሳትነካ እንድታልፈው አልፈለግሁም። ይኸው ነው።

ዓመታት አለፉ። በመካከሉ የባቄላ ቅጠል እየተኮማተረና እያበጠ የሚያደርቅ በሽታ ወደ ወረዳችን ገባ። ከተከዜ ወዲህ አይቼው አላውቅም ነበር። ቅጠሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ምርምር ማዕከል የላክሁት፣ ገበሬው የታመመውን እየነቀለ እንዲያቃጥልና በቀጣዩ ዓመት በዚያ ማሳ ገብስ እንዲዘራ እየዞርኩ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። በእኛ ወረዳ የባቄላ ዘር ተረፈ። ለዞን የተላከው ሪፖርት ላይ የፈረመው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ሪፖርቱን ያየው ዞን ኃላፊውን ወደ ላይ ወሰደው፤ በእኔ ባቄላ አደገ ማለት ነው።

ወንበሩ ባዶ ሆነ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊነት እንደ እኔው ሥራ ሂደት መሪነት አይደለም፤ የወረዳ ካቢኔ አባልነት ነው። ከተማ ላይ ለሚኖር ሰው የወረዳ ካቢኔ ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤታችን እሱ ነው። ማዳበሪያው ለየትኛው ቀበሌ እንደሚቀድም፣ የትኛው ባለሙያ ዛሪማ ቆላ እንደሚወርድ የሚወስነው እሱ ነው። ያን ወንበር ፈለግሁት። ሴት ልጅ ሹመት ፈለገች ሲባል ለምን ሰው ዓይኑን እንደሚሰብር አይገባኝም። ሥራውን አውቀዋለሁ፣ ፈለግሁት።

ወሬው ባልደረባዬ ይሾማል የሚል ነበር። ኋላ ደግሞ ዞኑ ካቢኔው ውስጥ ሴት ጨምሩ ብሎ ትእዛዝ ላከ ተባለ፤ የእኔም ስም ይነሣ ጀመር። ምራቂ ካቢኔ ልትገባ ነው ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ እየተባለ አልገባም ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

ያቺ የጃናሞራ ልጅ ብቻዋን ነበረች። የዚያን ዘመን የውድድር ፋይል እንደምፈልግ ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ለምን አላለችም። መሰላል ላይ ወጥታ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደችው፤ ቦታውን ሳትፈልግ። ገጹን ራሷ ገልጣ በጣቷ መስመሩን አሳየችኝ። የእኔ ነጥብ፣ የባልደረባዬ ነጥብ፣ ከዚያ ለየብቻ የተጻፉት ሦስቱ ነጥቦች። ያለ ሦስቱም በልጬዋለሁ። በሁለት ነጥብ።

ቆሜ ስንት ጊዜ እንደ ደመርኩት አላውቅም። ልጅቱ ቅጂውን አንሥታ ማኅተም መታችበትና ሰጠችኝ።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ። እርስዎ ያለ ምራቂ ነው ያለፉት» አለች። ፋይሉን እየዘጋች፣ «እኔ ግን በምራቂው አልፍ ነበር» አለችኝ።

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ።

በሳምንቱ የወረዳው አስተዳዳሪ አስጠራኝ። ከእኔ በዕድሜ በጣም የሚያንስ ሰው ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ዞኑ ሴት አምጡ እንዳለ፣ ካቢኔው ውስጥ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ እንደሆነች፣ እሷም የሴቶች ጉዳይ እንደሆነች፣ ሪፖርቱ ዓርብ መሄድ እንዳለበት አስረዳኝ።

«እርስዎ ይሻላሉ ብለን ነው» አለ።

«ከማን?» አልኩት።

«ከሌሎቹ ሴቶች።»

ከቦርሳዬ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ስድስት ዓመት ምራቂ ሲሉኝ እንደኖሩ እንደሚያውቅ፣ ያለ ተጨማሪ ነጥብ አንደኛ እንደነበርኩ፣ ይህ ለሠራተኛው እንዲነገር እንደምፈልግ ነገርኩት። በጥሞና አነበበው። ፊቱ በራ።

«ይሄማ አንደኛ ነበሩ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነማ የሴት ወንበር አያስፈልግዎትም። እሱን ለሌላ ሴት እንሰጠዋለን፤ እርስዎ ወደፊት ከወንዶቹ ጋር ይወዳደራሉ» አለኝ።

ሰውየው አልቀለደም። የጠቀመኝ መስሎት ነው። ችሎታ ከሌለሽ የሴት ወንበር አለልሽ፣ ችሎታ ካለሽ የወንድ ሰልፍ ውስጥ ግቢ። የወንድ ሰልፍ ደግሞ አበልጅ ያለው ከፊት የሚቆምበት ሰልፍ ነው። ያን ወረቀት ለማግኘት ስድስት ዓመት ተመኝቼ፣ ባገኘሁት በሳምንቱ ሊያስወጣኝ ሆነ።

«ሴትም ነኝ፣ አንደኛም ነኝ። አንዱን አውልቄ ልምጣ?» አልኩት።

ቀላ፤ ከዚያ ሣቀ። እሺ፣ ደብዳቤው ነገ ይደርስዎታል አለኝ።

በማግስቱ ደረሰኝ። «የሴቶችን ተሳትፎ ከማረጋገጥ አኳያ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በኃላፊነት መመደቤን ይናገራል። መቀበያ መዝገቡ ላይ አልፈርምም ብዬ መለስኩት። ወዲያው በስልክ ተጠራሁ። ምን ይጻፍ ታዲያ፣ በችሎታቸው ይባል? አለኝ አስተዳዳሪው። አዎ ልል አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን ያን ቃል በሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ አይቼው እንደማውቅ ማስታወስ አቃተኝ። ነገ እመልሳለሁ ብዬ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

ከእኔ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጡትን ወንዶች የሹመት ደብዳቤ አውጪልኝ አልኳት ልጅቱን። አምስት ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንዱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ብዙ አስተምሮኛል። አንዱ ከስፖርት ክፍል የመጣ ሲሆን ስንዴና ገብስን የሚለየው ዳቦ ሲሆኑ ነው። አንዱ በግምገማ የተነሣ፣ ሌላው የባለሥልጣን ወንድም ነበር፤ አምስተኛው በእኔ ባቄላ ያደገው ነው። አምስቱም ደብዳቤዎች ሁለት ሁለት መስመር ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ በኃላፊነት ተመድበው እንዲሠሩ ይላሉ፤ አለቀ።

«አይታወቅም እኮ ለምን እንደ ተሾሙ» አለች ልጅቱ፣ አንገቷን አስግጋ እያነበበች።

እውነቷን ነው። ገብስ የማይለየውም ገብስ ያስተማረኝም ደብዳቤያቸው አንድ ነው። ለወንድ የሚጨመረው ነጥብ በቅንፍ አይጻፍም። የአበልጅ ነጥብ፣ የአገር ልጅ ነጥብ፣ አብሮ የመጠጣት ነጥብ፣ ስብሰባ አምሽቶ ቤቱ የሞቀ ራት የሚጠብቀው የመሆን ነጥብ፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ችሎታ ይባላል። ችሎታ ይቅደም የሚል ሰው ስሰማ አልጠላውም። እኔም የምለው እሱን ነው። ግን በለቅሶ ቤትም ሆነ በሬዲዮ ይህን ሲሉ የምሰማቸው ሰዎች፣ ወንበሩ ሁሉ በወንድ የተሞላ ጊዜ ዝርዝር ሲጠይቁ አልሰማኋቸውም። የሚኒስትሮቹን ሴቶች አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ከመካከላቸው ሥራውን የማታውቅ ትኖር ይሆናል። እኛም የስፖርቱን ሰው አራት ዓመት ችለነው ኖረናል።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ቢሮ ገብቼ ምክንያት አይጻፍ አልኩት።

«ያለ ምክንያት?» አለኝ።

«እንደ ወንዶቹ።»

ዞኑ የሴቶች ተሳትፎ የሚለውን ቃል ማየት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ለዞኑ በሪፖርትህ ጻፍለት፣ እኔ እጅ ላይ በሚቆየው ላይ ግን አይኖርም አልኩት። ከዚያ በፊት አንተ ብዬው አላውቅም፤ ከአፌ አምልጦኝ ነው፣ አልመለስኩትም። እሱ ደግሞ ደብዳቤ በሠራተኛ ምርጫ አይጻፍም ብሎ አሰናበተኝ።

ረቡዕ ነበር። ሪፖርቱ የሚሄደው ዓርብ ነው። ጸሐፊው በየቢሮው እየዞረ ምራቂ በምራቂ ላይ ምራቂ ጠየቀች ማለቱን ሰማሁ። ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ላኩብኝ፤ የላኩት ሽማግሌ ያ ባልደረባዬ ነው። የድንች ዘር ማሳያው ላይ ጎንበስ ብዬ ስሠራ አገኘኝ። ፈርሚ፣ እትዬ፤ ስለ ሁለት ቃል ብለሽ ወንበሩን አትጪው አለኝ። ካልፈረምኩ ለማን ሊሰጡት እንደሆነ ጠየቅሁት። ገና ሁለት ዓመት ያልሠራች አንዲት ጀማሪ እንደታሰበች ነገረኝ፤ እሷንም ምን ሊሏት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ሳልጠይቀው፣ አፈሩን በጫማው እየነካካ፣

«እኔ እኮ ነጥቤን አውቀው ነበር። አበልጄ ያኔውኑ ነግሮኛል» አለ።

ቀና አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ? አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም አለኝ። አሁን ግን ከፈለግሁ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆሞ እንደሚናገር፣ ለእኔ ሲል እንደሚያደርገው ቃል ገባልኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰው ሲጸጸት ማየት ያረካል ይላሉ፤ እኔን አላረካኝም።

«ሰሌዳው ሥር ቆመህ ሲያጽናኑህ ነበር የምትናገረው። አሁን ለአንተ ነው የሚጠቅምህ» አልኩት።

ሂድ አላልኩትም። ራሱ ሄደ። እጄን ታጥቤ ቤቴ ገባሁ፤ ወንበሩ እንዳመለጠኝ እርግጠኛ ነበርኩ። የሚሉት ጀግንነት አልተሰማኝም። ያቺን ጀማሪ አሰብኳት። ያን ሁለት ቃል ተቀብላ ልትገባ ነው፣ ማንም አልነገራትም።

ዓርብ ጠዋት መሥሪያ ቤት እንደ ደረስኩ ያች የመዝገብ ቤት ልጅ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፖስታው ተከፍቶ እጇ ላይ ነው፤ ቁጥር የምትሰጠው እሷ ስለሆነች አንብባዋለች። ሁለት መስመር ነው። ከዛሬ ጀምሮ በኃላፊነት ተመድበው እንዲሠሩ። ተሳትፎም የለበት፣ ችሎታም የለበት። አስተዳዳሪው ለምን እንደ ተሸነፈ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ ጀማሪዋ እንቢ ብላ ይሆናል፣ ሰዓቱ አጥሮት ይሆናል። እኔም አልጠየቅሁትም። መዝገቡ ላይ ፈረምኩ።

ልጅቱ መዝገቡን መለሰችና አልሄደችም።

«የመዝገብ ቤት ኃላፊው ቦታ እስከ አሁን ክፍት ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ልመና አልነበረበትም።

ውድድሩን በዚያው ወር አወጣሁት። ሦስት ሰው ቀረበ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ መመሪያውን ራሴ አነበብኩላቸውና፣ ያን ጊዜ እኩል ሲመጡ ብቻ ነው ያልኩት ስሕተት እንደነበር፣ አውቄ እንዳደረግሁት ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ አልኩ። ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈው። ሲጽፈው ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ ይደሰት።

ልጅቱ በፈተናው ሁለተኛ ወጣች። ሦስቱ ነጥብ ሲጨመር አንደኛ ሆነች። ውጤቱ ሲለጠፍ የሁሉም ነጥብ ከነዝርዝሩ እንዲወጣ አዘዝኩ፤ የወንዶቹም፣ የእሷም፣ የተጨመረውም። ጸሐፊው ቢሮዬ መጥቶ ነውር ነው አለኝ፤ የወደቁትም ያፍራሉ፣ እሷም ስም ይወጣላታል። ልጅቱን አስጠርቼ ይለጠፍ ወይስ ይቅር ብዬ ፊቱ ጠየቅኋት። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ አየችው፤ አንድ ፊደል የተሳሳተ ስም አርማ መለሰችለት። ሙጫ ከሌለው እሷ ጋ እንዳለ ነገረችው።